ደሴት ለማየት ባሕር መሻገር ያስፈልጋልን?

የውጭ አገር መጽሔት የሚያገላብጥ ወጣት ሁሉ ያንን ሥዕል ያውቀዋል። ውሃው እንደ ብርሌ የጠራ ነው፤ አሸዋው ነጭ ነው፤ አንድ ሰው መነጽር አጥልቆ፣ አፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ በሆዱ ተንሳፎ ከሥሩ የሚተራመሱትን ባለ ቀለም ዓሣዎች ይመለከታል። ከበስተ ኋላው ደን የለበሰ ተራራ አለ፤ ጧት ዋኝቶ ከሰዓት በኋላ እሱን ሊወጣ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ ደሴቲቱ በጥበቃ ሥር እንዳለች፣ ቅጠል መቁረጥና ድንጋይ ማንሣት ክልክል እንደ ሆነ ተጽፏል። ተማሪዎቼ ይህን ባዩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «መምህር፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም?» ይላሉ።

መልሱ፣ አለም፣ የለምም የሚል ነው። እንዲያ ያለ ባለ ቀለም ዓሣና ድንጋይ መሳይ ኮራል የሚገኘው በሞቃት የጨው ባሕር ውስጥ ነው። በአጠገባችን እንዲህ ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ናቸው፤ እነሱም ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ በእርሷ ካርታ ላይ ይገኛሉ። ነገር ግን ደሴት ማለት በጨው ውሃ የተከበበ መሬት ብቻ ነው የሚል የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። ጣና ላይ ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ ከእሱም ጋር የጥንት ደን አላቸው። እዚያ ለመድረስ ፓስፖርት አያስፈልግም። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ የሚነሣ አንድ ጀማሪ መምህር ወይም የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ከተማከረና ለሁለት ወር ያህል ከማኪያቶው ላይ ከቀነሰ ይደርሳል።

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ይህ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል፤ ስለዚህ የሚነሣ ሰው ሻንጣውን ከማሰናዳቱ በፊት የሹፌሮችን ወሬ ይጠይቅ። እኛ የሄድነው ጸጥ ባለ ሳምንት፣ በጥር ወር ነበር። አምስት ነበርን፤ ሁለት ወንድ መምህራን፣ አንዲት መምህርት፣ የሰከላ ተወላጅ የሆነ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊና ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት የቀረው ታናሽ ወንድሙ። ጸሐፊው ከአዲስ አበባ የተላከለት የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ነበረው፤ መንገዱን ሁሉ በጉልበቱ ላይ ይዞት ተጓዘ። አውቶቡስ ውስጥ የነበሩ አንድ አዛውንት የሐኪም ዕቃ ነው ብለው ስለ ወገባቸው ሕመም ሊያማክሩት ጀምረው ነበር።

ከቡሬ ወዲህና ወዲያ ያለው ሜዳ የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ አገር ነው። በጥር ወር አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ራቁቱን ይታያል። በዚያ ራቁት መሬት መካከል ክብ ሆኖ፣ ጠቁሮ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የሚታይ ነገር ካለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወይራው፣ ዋንዛው፣ ዶቅማው እዚያ ብቻ ቀርቷል፤ ባሕር ዛፍ ግን በየሰዉ አጥር አለ። አንባቢ ሆይ፣ ደሴት ማለት ይኸው ነው፤ በዙሪያው ያለው ውሃ ሳይሆን የታረሰ አፈር መሆኑ ብቻ ይለየዋል። ከቲሊሊ አልፎ እንጅባራ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ዘንገና የሚባለው ክብ ሐይቅ ከመንገዱ አጠገብ ይገኛል። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ትንሽ ሲሆን ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ጣና በአንጻሩ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት ጥልቀቱ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ይህን ቁጥር አስታውሱልኝ፤ ኋላ ስለ መነጽሩ ስናወራ ይጠቅመናል።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዘጌ በእውነቱ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ነው፤ ነገር ግን ዘጌን ሳያይ ደሴቶቹን ያየ ሰው መቅድሙን ዘልሎ መጽሐፉን እንዳነበበ ይቆጠራል። ከጀልባ ማቆሚያው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ያለ ረድፍ የበቀለ ነው፤ ጌሾውም ሎሚውም በመካከሉ አለ። ጦጣዎቹ ከላይ ሆነው መንገደኛውን ይመረምራሉ። የዘጌ ደን እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያት በጣም ቀላል ነው፤ በገዳሙ ሥርዓት መሠረት በዘጌ በበሬ ማረስ ክልክል ነው። ሥርዓቱን የሠሩት ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም እንደ ሆኑ ይተረካል። ምሰሶ የለም፤ ሽቦ የለም፤ የደን ዘበኛ ጠመንጃ የለም። አንድ ውግዘት ብቻ አለ፤ እሱም ለብዙ መቶ ዓመታት በቅቷል። እኛ በሲቪክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሕግ መከበር ስናስተምር ምሳሌውን ከሩቅ አገር ከምናመጣ ከዘጌ ብናመጣው የሚሻል ይመስለኛል።

ዳጋ እስጢፋኖስ ግን እውነተኛ ደሴት ነው። ከባሕር ዳር በተራ ሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከውሃው ላይ ቀጥ ብሎ የተነሣ፣ እስከ አናቱ ደን የለበሰ ኮረብታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከአናቱ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ዳገቱ ላብ ያወጣል፤ ነገር ግን ጥላው ያበረታል፤ የወፉም ድምፅ ብዙ ነው። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኂሩተ አምላክ መሠረቱት። በዕቃ ቤቱ ውስጥ የአጼ ይኩኖ አምላክ፣ የአጼ ዳዊት፣ የአጼ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአጼ ዘድንግልና የአጼ ፋሲል አጽም ተጠብቆ ይገኛል። የታሪክ መጽሐፍ ላይ በሁለት መስመር ተጽፈው የምናልፋቸው ነገሥታት፣ እዚህ በአንድ ትንሽ ቤት ውስጥ፣ አንድ መነኩሴ በእጁ እያመለከተ ያስተዋውቅሃል። ተማሪው ወንድማችን ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ኋላ ቁልቁል ስንወርድ፣ «ለፈተና ዓመተ ምሕረታቸውን ብቻ ነበር የማውቀው» አለኝ።

መምህርቷ ግን ይህን ሁሉ አላየችም። ወደ ዳጋ ሴት አይወጣም። አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ መጽሐፍም ይዛ ነበር የመጣችው። ስንመለስ ከጀልባው ላይ፣ ከጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። ከመካከላችን አንዱ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ «የገዳም ሥርዓት ነው፤ ደኑም የዳነው በዚሁ ሥርዓት ነው» አላት።

«እሱን አውቃለሁ» አለች መጽሐፉን አጥፋ። «ቅጠል አልቆርጥም አልኩ እንጂ እኔ ራሴ ቅጠል ነኝ አላልኩም።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን ብዙም አልሳቀችም። እኔ ሥርዓቱ ይሻር ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ገዳሙ የገዳማውያኑ ነው፤ ዓለምን ንቀው ለገቡ ሰዎች የዓለምን ሕግ ይዤ ልሄድባቸው አልወድም። ነገር ግን ትምህርት ቤቶች ጉዞ ሲያሰናዱ ሴቶቹን ተማሪዎች ጀልባ ላይ አስቀምጠው ለወንዶቹ ብቻ ታሪክ የሚያሳዩ ከሆነ፣ ይህ የገዳሙ ጥፋት ሳይሆን የአሰናጆቹ ስንፍና ነው። ምክንያቱም ከዳጋ አጠገብ ደቅ የሚባለው ትልቁ ደሴት አለ፤ ከእሱም ጎን ናርጋ ሥላሴ አለ፤ ወደዚያ ማንም ይገባል። ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ሥዕላቸውም ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ወድቀው እንደሚታዩ ሆኖ በግድግዳው ላይ አለ። መምህርቷ ከዚያ ሥዕል ፊት የቆመችው እኛ ከነገሥታቱ አጽም ፊት ከቆምነው ጊዜ ይበልጣል፤ ጀልባው ሊሄድ ነው ብለን ሁለት ጊዜ ጠራናት።

አሁን ወደ መነጽሩ ልምጣ። ከዳጋ ወደ ናርጋ ስንሻገር ጸሐፊው ከእንግዲህ አልታገሥም አለ። ባለ ጀልባውን፣ «አያ፣ እዚህ ጉማሬ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ባለ ጀልባው የዘጌ ሰው ናቸው፤ «ጉማሬው ከደንገሉ ዳርና ከዓባይ መውጫው ነው፤ እዚህስ ያለነው እኛ ነን» አሉና ሞተሩን አጠፉ። ጸሐፊው መነጽሩን አጠለቀ፤ ቱቦውን ነከሰ፤ ገመድ በወገቡ አሥሮ ገባ። ለጥቂት ጊዜ ጀርባውና የቱቦው ጫፍ ብቻ ይታዩ ነበር። ከዚያ ራሱን አወጣ።

«ምን አየህ?» አሉት ባለ ጀልባው።

«ማኪያቶ» አለ።

እጁን ዘርግቶ የገዛ ጣቱን ለማየት እንደ ተቸገረ ነገረን። ባለ ጀልባው ሳቁና፣ «ይህ እኮ ጥሩው ነው። በሐምሌ ብትመጣ ጥቁር ቡና ነበር የምታየው። የሰከላ አፈር ነው፤ በግልገል ዓባይ ይመጣል» አሉት። ሰውየው ይህን ሲናገሩ ልጁ የየት አገር ሰው እንደ ሆነ አያውቁም ነበር። ጸሐፊው ወደ ጀልባው ወጥቶ በፎጣ ተጠቀለለ፤ እስከ ናርጋ ድረስም አልተናገረም።

ባለ ጀልባው ያሉት ትክክል ነው። ወደ ጣና ከሚገባው ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። ከሁሉ የሚበልጠው ግልገል ዓባይ ነው፤ እሱም የሚነሣው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። ይህችን ምንጭ ለማየት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 (ሁለቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ብዙ ደክመው መጥተዋል። ዛሬም ሕዝቡ ጠበል ብሎ ያከብራታል፤ ከምንጩም ንጹሕ ውሃ ይወጣል። ውሃው አፈር የሚይዘው ከዚያ ወዲያ፣ በታረሰው ዳገት መካከል ሲወርድ ነው። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ደግሞ አፈሩ እንዲያው ዘቅጦ አይቀርም፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከሥር ይነቃነቃል። ዘንገና ጥልቅ ነው፤ የሚገባበትም ወንዝ የለም። ጣና ግን የጎረቤቶቹን ሁሉ ማሳ ይቀበላል።

የዚያን ዕለት ማታ ባሕር ዳር ራት ስንበላ ጸሐፊው ነገሩን ራሱ አነሣው። የአያቱ መሬት ለአራት ወንድማማች ሲከፈል ለአባቱ የደረሰው ዳገቱ ነበር። ዳገቱ ታርሶ ነው እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰው፤ ታናሹም እስካሁን የሚማረው። «ዳገት አትረሱ ብሎ ማስተማር ለግብርና ባለሙያው ቀላል ነው» አለ፤ «አባቴ ግን ምኑን ይረስ?» ከመካከላችን እርከን፣ ግራር፣ የከብት መኖ ሣር እያለ የመለሰለት አለ። እሱም እርከን እንዳለ፣ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝቡ ወጥቶ እንደሚሠራ፣ ክረምት ሲመጣ ግን ከፊሉ እንደሚፈርስ ነገረን። ይህን ክርክር እዚህ ልፈታው አልሞክርም። ነገር ግን የዳጋ መነኮሳት ደናቸውን ሲጠብቁ የሚበሉት ከሌላ ስፍራ ጭምር ይመጣል፤ የሰከላ ገበሬ ግን ከዚያው ከዳገቱ ነው። ደን ጠባቂውንና ደን መንጣሪውን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው ይህን ልብ ይበል።

በዚያ በደፈረሰው ውሃ ውስጥ የማይታየው ነገር ምን እንደ ሆነ ብታውቁ ደግሞ የበለጠ ትቆጫላችሁ። ቻርልስ ዳርዊን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1835 ጋላፓጎስ በሚባሉት ደሴቶች ያያቸው ትንንሽ ወፎች፣ ከአንድ ዘር ወጥተው በምንቃራቸው የተለያዩ፣ በባዮሎጂ መጽሐፋችሁ ላይ ተሥለዋል። በዚያው ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ የጣናን ዓሣ እየሰበሰበ ለሳይንስ ያስተዋውቅ ነበር። ባርበስ የሚባሉት ትልልቆቹ የጣና ዓሣዎች ኋላ በደንብ ሲጠኑ 15 ያህል ዓይነት ሆነው ተገኙ። ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የሉም። ከታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ከሱዳን በኩል ያለው ዓሣ እንዳይወጣ ከልክሎ ለየብቻቸው አኑሯቸዋል። ስለዚህ ሐይቁ ራሱ ለዓሣዎቹ ደሴት ነው ማለት ይቻላል። ከሁሉ የሚገርመው፣ ባርበስ አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህም ሆኖ ከእነዚህ ዓይነቶች ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ሆነዋል። ጥርስ የሌለው አዳኝ ለመሆን ብዙ ሺህ ዓመት ወስዶባቸዋል።

ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚዘረጋው ደግሞ በዚያው ጊዜ፣ በወንዙ አፍ ላይ ነው። ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሱ ጽፈዋል። ወንዙ አፈር ከሞላው ደግሞ እንቁላላቸውን የሚጥሉበት ጠጠር ይደፈናል።

የጋላፓጎስ ባለቤት ኢኳዶር በ1959፣ እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ ደሴቶቹን ብሔራዊ ፓርክ አድርጋለች። ጎብኚ እዚያ ያለ መሪ ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ ከተሠመረለትም መንገድ አይወጣም። እኛም ጣናን በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርገን አስመዝግበናል፤ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ፣ ሐይቁንም ዙሪያውንም የያዘ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ በ2004 ዓ.ም.፣ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታይቶ ነበር። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ተንሰራፍቶ ከየአገሩ የተሰበሰበ ወጣት በእጁ ሲነቅለው፣ ማሽንም ሲገዛለት አይተናል። እምቦጭን የሚያወፍረው ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ወደ ዳገቱ ይመለሳል። ደሴቶቹን ውግዘት ጠበቃቸው፤ በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ግን ማን ሊያወግዝለት ይችላል? አፈሩ የሚመጣው ከመቶ ሺህ ማሳ ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ልጨምር። ጀልባውን በቡድን ተከራዩ፤ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት፣ ስንት ደሴት እንደምትደርሱም ጭምር ጨርሳችሁ ተዋዋሉ። በማለዳ ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ጣና ሲቆጣ ደግሞ ባሕር እንጂ ሐይቅ አይመስልም። የመንሳፈፊያ ሰደርያ የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። በደንገልና በሣር ዳር ባለው ውሃ አትዋኙ፤ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። ለየገዳሙ የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ ዝርዝር ብር ያዙ፤ መነኮሳቱን ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። የውሃ መነጽር ያላችሁ ቤት ተዉት፤ በምትኩ የሩቅ መነጽር ከጓደኛ ተዋሱ፤ ፔሊካኑንና ዓሣ በሉን ንሥር ታዩበታላችሁ። ዓሣዎቹን ማየት ለሚፈልግ ጧት ባሕር ዳር ዓሣ አጥማጆቹ የሚራገፉበት ቦታ ቢሄድ ከውሃው ሥር የማይታየውን ሁሉ መረብ ላይ ተዘርግቶ ያገኘዋል፤ የአንዱን አፍ ከሌላው ጋር እያስተያየ የዳርዊንን ምዕራፍ በግማሽ ሰዓት ይከልሳል።

ሦስት ሰዓት የጀልባ መንገድ ለሚከብደው ደግሞ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ከባሕር ዳር ቅርብ ናቸው፤ ሁለቱም ደሴቶች ጎን ለጎን ነው ያሉት። ክብራን የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ወደ ላይ አትወጣም። እንጦስ ግን ሴቶች መነኮሳት የሚኖሩበት ነው። መምህርቷ በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ የክፍሏን ተማሪዎች ወደዚያ ልትወስድ አስባለች፤ ሴቶቹ እንጦስ ሲቆዩ ወንዶቹ ክብራንን አይተው ይመለሳሉ፤ ከዚያም አንዱ ወገን ለሌላው ያየውን በጽሑፍ ያቀርባል። ጸሐፊውም የሰከላን ልጆች የሚያመጣ ከሆነ ለባለ ጀልባው አስቀድሜ ልንገርላቸው ብሏል።